ወደ ውጭ የሚከፈት በር

ፎቶአቸውን ያየሁት የምሠራበት ሬስቶራንት መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። ከረባት አስረዋል። ፀጉራቸው በውሃ ተበጥሮ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። ዓይናቸው ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው አጠገብ ያለ አንድ ነገር ያያል። ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት "እኚህ ሰውዬ ምን አስደነገጣቸው?" ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስማቸውን አነበብኩ። ጋሼ መንገሻ ናቸው። ከቤታቸው ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ሆስፒታል መግባታቸውን ግን ሰምቼ ነበር። ልባቸውን ነው፣ ይሻላቸዋል፣ ይወጣሉ ሲባል ነበር የሰነበተው።

ለቅሶ ቤት ስሄድ ባለቤታቸው እትዬ ጸዳለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "የበሩን ነገር ጻፊው" አሉኝ።

"እኔ? እኔ እኮ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ እትዬ።"

"ታዲያ እሱ ስንተኛ ክፍል የደረሰ መስሎሽ ነው? ጻፊው። ሳታሳምሪ እንደሆነው ጻፊው። የደበቅሽኝንም ጻፊ፤ እሱ የዛኑ ቀን ነግሮኛል።"

እሺ አልኩ። እትዬ ጸዳለን እምቢ ማለት አልችልም። በእርግጥ ማንንም እምቢ ማለት አልችልም።

ጋሼ መንገሻ ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ሙት ለማማት አይደለም፤ ራሳቸው ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ነው። ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ በኋላም ሳንታ ሞኒካ ውስጥ የሆቴል እንግዶችን መኪና ሲያቆሙ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ልጅ ሳሉ ከአጎታቸው ወደተማሩት የእንጨት ሥራ ተመለሱ። ቤታቸው የሐበሻ ሬስቶራንቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ በጠባቧ የኋላ መንገድ በኩል፣ ጋራዥ አለ። እዚያ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን መቋሚያና አትሮንስ ይሠሩ ነበር። ከሬስቶራንቶቹ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ይመጡላቸዋል፤ እነሱንም ይጠግናሉ።

የኤሌክትሪክ መጋዙን ከማስነሳታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ጥርሱን ዝም ብለው ያዩታል። አጠገባቸው ሰው ካለና ካጣደፋቸው፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ልፍራ" ይላሉ። ይቆማሉ። ፊታቸው ይለወጣል፤ እውነትም ይፈራሉ። ከዚያ እጃቸውን ያወጡና "ኦኬ፣ ፈርቻለሁ" ብለው ሥራ ይጀምራሉ።

የሬስቶራንታችን ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ሲያልፉ አይለቋቸውም። እኛ ሰፈር ወጣቱ አንቱ ማለት ትቷል።

"ጋሽ መንጌ፣ ዛሬ ፈርተሃል?"

"ጠዋት ጨርሻለሁ። አንተ መኪናህን ፓርክ ስታደርግ ሳይ ግን ትንሽ ጨመረብኝ።"

እኔ እሳቸው ጋ የገባሁት ሌላ መጠጊያ ስላልነበረኝ ነው። እትዬ ጸዳለ ሬስቶራንቱ ጓዳ ውስጥ ሰሃን ሳጥብ አይተውኝ፣ የት እንደማድር ጠይቀውኝ፣ መልስ ስላልሰጠኋቸው ወሰዱኝ። የጋራዡን አንድ ጥግ ጋሼ መንገሻ በኮምፔንሳቶ ከለሉልኝ። አልጋ፣ መብራት፣ ልብስ መስቀያ ሠሩልኝ። ጋራዥ ውስጥ ሰው መኖር አይፈቀድም። የእኔም የመኖሪያ ወረቀት ገና አልተወሰነም ነበር። ስለዚህ ሦስታችን የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ እዚያ ሰው እንዳለ እንዳይታወቅ። ድምፅ አለማሰማት ለእኔ ከባድ አልነበረም። ልጅ ሆኜም ቤት ውስጥ መኖሬ ይረሳ ነበር።

ያን ጊዜ የጋራዡ በር በኤሌክትሪክ ወደ ላይ የሚጠቀለለው ዓይነት ነው። ቁልፉን ሲጫኑት እያጓራ ይነሳል። የጎን በር ነበረ፤ ግን የሳንቃ መደርደሪያ ተገትሮበት ከተዘጋ ቆይቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተራራው ላይ እሳት ተነስቶ ሰማዩ ቡናማ በሆነበት ሰሞን፣ ጋሼ መንገሻና እትዬ ጸዳለ ወደ ቶራንስ ሰው ሊጠይቁ ሄደው ነበር። እኔ የዕረፍት ቀኔ ስለነበረ ተኝቻለሁ። ስነቃ መብራቱ ጠፍቷል፤ አየሩ ጉሮሮ ያንቃል። ጭሱ በበሩ ሥር ይገባል። እሳቱ ከእኛ በጣም ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጎረቤት ያለው ቤት የሚቃጠል መሰለኝ። ቁልፉን ተጫንኩ። በሩ ዝም አለ። ደጋግሜ ተጫንኩ። በእጄ ላነሳው ታገልኩ። ከጣሪያው ላይ ቀይ እጀታ ያላት ገመድ ታስራ አያለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ግን የነገረኝ ሰው የለም።

መጮህ እችል ነበር። የጎረቤታችን ሰውዬ ከአጥሩ ወዲያ ሲያስል እሰማዋለሁ። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከጮህኩ ሰውዬው ጋራዥ ውስጥ ሰው እንደሚኖር ያውቃል፤ ካወቀ ይደውላል፤ ከደወለ የሚመጣው ማን እንደሆነ እግዜር ያውቃል። እርጥብ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከእሳቱና ከስልኩ የትኛው እንደሚብስ እያሰብኩ ቆየሁ። ያን ቀን እዚያው እሞታለሁ ብዬ ነበር፤ ግን አልጮህኩም።

ጋሼ መንገሻ ሲመለሱ ከውጭ በመዳፋቸው በሩን መቱ።

"ስንዱ! ልጄ! አለሽ?"

"አለሁ።"

"ፓወሩ ሄዷል። ቀዩዋን ገመድ ታያታለሽ? የፕላስቲኳን ማሰሪያ ቁረጪና ወደ ታች ሳቢያት። በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል።"

ወንበር ላይ ቆሜ ማሰሪያዋን በመሮ ቆረጥኩና ገመዷን ሳብኳት። እኔ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ ሆነን በሩን አነሳነው። ወጥቼ አየር ስወስድ እሳቸው እኔን ሳይሆን የተቆረጠችውን ማሰሪያ እያዩ ነበር።

"እኔ ነኝ ያሰርኳት" አሉ። "ሌባ በላይኛው ክፍተት ሽቦ አስገብቶ ቀዩዋን ይስባል፣ በሩ ይከፈትለታል ሲሉኝ ፈራሁና አሰርኳት። አንቺ ከመግባትሽ በፊት ነው። ከዚያ ረሳኋት።"

"ምንም አይደለም፣ ጋሼ።"

"ለምንድነው ያልጮህሽው?"

"ጎረቤት እንዳይሰማ።"

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ "በእጅ የሚከፈት የእንጨት በር እሠራለሁ" አሉ። ባለ ሁለት መዝጊያ፣ በማጠፊያ የሚወዛወዝ፣ መብራት የማይፈልግ። መጀመሪያ ግን የድሮው በር መውረድ ነበረበት። ከበሩ በላይ አንድ ትልቅ የተጠመዘዘ ብረት አለ፤ የበሩን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው፤ ሲፈታ አስፈንጥሮ ሰው ይገድላል ይባላል። ጋሼ መንገሻ ከሥሩ ቆመው አዩት። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ብዙ ቆሙ። እትዬ ጸዳለ ከጓሮ፣ "መንገሻ፣ እስካሁን አልፈራህም እንዴ?" አሉ።

"ፈርቻለሁ፤ ግን የዚህኛው አያልቅም። የሚያውቅ ሰው ጥሪ።"

የሚያውቅ ሰው መጥቶ አወረደው። እሳቸው በዚያን ሰዓት ወደ ቤት ገብተው መስኮቱን ዘጉ።

ከዚያ የእንጨቱ ሥራ ተጀመረ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አግዛቸው ነበር። ሳንቃ ስይዝ፣ ሰጋቱራ ስጠርግ፣ ሙጫው እስኪይዝ ስጫን። የመዝጊያውን ማዕቀፍ መሬት ላይ አጋድመው ከሠሩ በኋላ በሰያፍ የሚገባውን እንጨት አሳዩኝ።

"ይቺ ከታች፣ ማጠፊያው ካለበት ጥግ ትነሳለች። ወደ ላይ፣ እጀታው ወዳለበት ጥግ ትወጣለች። ክብደቱን ተሸክማ ወደ ግድግዳው ታወርደዋለች። ገልብጠሽ ካደረግሻት በሩ በዓመቱ ተንጋዶ መሬት ይልሳል።"

ያ ሰሞን ሌላ ዓይነት ፍርሃት ከተማው ውስጥ የገባበት ነው። ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች መስታወታቸው በጠቆረ መኪና እየመጡ ሰው ይወስዳሉ የሚል ወሬ በየቀኑ ይሰማል። ከመኪና ማጠቢያ ወሰዱ፤ ከአውቶቡስ ፌርማታ ወሰዱ። ሬስቶራንታችን ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር የጓዳው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። ኢንግልዉድ የሚኖር አንድ የኛ ልጅ ሥራ ሄዶ አልተመለሰም ተባለ። አብራኝ ሰሃን የምታጥብ ልጅ መምጣት ተወች። እኔ ከጋራዡ ወደ ሬስቶራንቱ ስሄድ ፌርፋክስን ትቼ በጀርባ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። መኪና አጠገቤ ፍጥነት ሲቀንስ ግድግዳ ተጠግቼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ጋሼ መንገሻም ወሬውን ይሰማሉ። የእሳቸው ወረቀት ሙሉ ነው፤ ግን የፈሩት ለእኔ ነበር። ስለዚህ በሩ ወደ ውስጥ እንዲከፈት ወሰኑ።

"እንደ አገር ቤት የግቢ በር" አሉ። "ከውስጥ አግድም ትልቅ መወርወሪያ ትወረውሪያለሽ። ከኋላው እንጨት ትደግፊያለሽ። ማን ገፍቶ ይገባል? ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያው ውጭ ይቀራል፤ ፒኑን መትቶ ያወልቅና ይገባል።"

ማጠፊያዎቹን ከመዝጊያው የውስጥ ገጽ ላይ በትራፓኖ እየበሱ በብሎን ሲያስሩ ዝም ብዬ አያለሁ። ከበሩ አጠገብ የሳንቃው ክምር አለ። አንድ ሳንቃ ቢወድቅና በሩ ላይ ቢጋደም ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም። እኔም በጭስ ውስጥ ሆኜ ስጎትት ይታየኝ ነበር። እሳቸው ከውጭ ገፍቶ የሚመጣ ሰው ይታያቸዋል። እኔ የሚታየኝ መውጣት አቅቶኝ ስቀር ነው። ግን ለእኔ ብሎ የሚደክም ሰው ፊት እንዲህ አይሁን ብዬ እንዴት እናገራለሁ? እሺ ነው የምለው። ጥሩ ነው፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

መዝጊያዎቹ የሚሰቀሉበት ቀን ጠዋት ጋሼ መንገሻ ሁለቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በጣም ከባድ ናቸው። አንዱ ቢወድቅ ሰው ይጨፈልቃል።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልፍራ።"

ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ? ስሠራ ስትመለከቺ አንድም ቀን ምን ትፈሪያለሽ ብዬሽ አላውቅም።"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀበሌ አልጠየቀኝም፤ ድንበር ላይ የጠየቁኝም ለፎርም ነው እንጂ መልሱን ለመስማት አልነበረም።

"ምንም" አልኩ።

"ውሸታም።"

መሬት መሬት እያየሁ፣ "ወደ ውስጥ ሲከፈት... የሆነ ነገር ከወደቀበት... አልወጣም" አልኩ። ይቺን ለመናገር የወሰደብኝ ጊዜ ያሳፍራል።

ጋሼ መንገሻ የሳንቃውን ክምር አዩ። መዝጊያውን አዩ። ብዙ ቀን የለፉባቸውን ማጠፊያዎች አዩ። ከዚያ የብሎን መፍቻውን አንስተው አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ይተዉት! እኔ እንዲሁ ነው ያልኩት..."

"ዝም በይ። አሁን ዝም ማለት ትችያለሽ።"

እትዬ ጸዳለ ወጥተው ይህን ሲያዩ ጮኹ። "ምን እየሆንክ ነው? ዛሬ ይሰቀላል አላልክም?"

"ወለሉ ወደ ውጭ ተዳፋት ነው፣ ጸዳለ። ወደ ውስጥ ሲከፈት መሬቱ ይፈገፍገዋል። አላየሁትም ነበር።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ስትጠርገው አላየኸውም?"

"አላየሁትም።"

ወለሉ እርግጥ ተዳፋት ነው፤ ውሃ እንዲወርድ ሁሉም ጋራዥ እንደዚያ ነው። ግን እሳቸው ለዚያ ብለው የመዝጊያዎቹን ታች አስቀድመው አሳጥረው ነበር። እኔ ሳንቃውን ይዤ ሲቆርጡ አይቻለሁ። እኔን ከመወቀስ ለማዳን ወለሉ ላይ አላከኩት።

የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በቀጫጭን የእንጨት ሹል ደፈኑ። ማጠፊያዎቹን በውጭ ገጽ አሰሩ። የፒኖቹን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጠው እንዳይነቀሉ አደረጉ። ከዚያ መዝጊያውን በሽብልቅ ከፍ አድርገን ከመቃኑ ጋር አስጠጋነው። እኔ በትከሻዬ ደግፌ ያዝኩ። እሳቸው የላይኛውን ብሎን እስኪያጠብቁ ድረስ ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ነበር። "ያዝሽው?" "ያዝኩት።" "እርግጠኛ ነሽ?" "ጋሼ፣ ይፍጠኑ!" አልኩ። ለእሳቸው ይፍጠኑ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ፤ ግን ፈጠኑ።

ሽብልቁን ሲያወጡት በሩ መሬት ሳይነካ ቆመ። በአንድ ጣቴ ገፋሁት። ሄደ። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። የእንጨቱ ሽታ አዲስ ነበር።

ሰዎቹ የመጡት በጋው ሳያልቅ ነው። ጠዋት ነበር። ጋሼ መንገሻ ከውጭ ሆነው መዝጊያውን ቀለም እየቀቡ፣ እኔ ከውስጥ እየጠረግኩ። አንዱ መዝጊያ ከላይም ከታችም ተቀርቅሯል፤ ሌላው በትንሹ ተከፍቷል። መኪናዎች ወደ ኋላዋ መንገድ ሲገቡ ሰማሁ። ቀስ ይላሉ። በዚያች መንገድ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና የለም። ጋሼ መንገሻ ክፍቱን መዝጊያ ከውጭ ገፍተው ዘጉትና ጀርባቸውን አስደገፉበት።

በሮች ሲከፈቱ፣ ከባድ ጫማ ሲረግጥ ሰማሁ። በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ አንድ ጥቁር ነገር ሲያልፍ አየሁ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደረቅኩ። መቀርቀሪያው እጄ አጠገብ ነው፤ ብስበው ግን ብረቱ ይጮሃል።

"ውስጥ ማን አለ?" አለ አንዱ በእንግሊዝኛ።

"መሣሪያዬ" አሉ ጋሼ መንገሻ።

"ክፈተው።"

"ዳኛ የፈረመበት ወረቀት አለህ?"

ይህን እንዲሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጠበቃ ለሕዝቡ አስተምሮ ነበር። ድምፃቸው ግን የሰው ድምፅ አይመስልም፤ ቀጥኖ ሊበጠስ ደርሷል።

"ከበሩ ዞር በል፣ ሽማግሌ።"

"ወረቀት አለህ?"

አንዱ እጀታውን ይዞ ሳበ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው፤ ከፊቱ ደግሞ ጋሼ መንገሻ አሉ። ሳንቃው ነቅነቅ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ሳበ። እኔ መዳፌን ቀስ ብዬ እንጨቱ ላይ አደረግኩ። እንጨቱ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ ናቸው ብዬ ነበር። ኋላ፣ ሰውዬው እጀታውን ከለቀቀ በኋላም መንቀጥቀጡ አላቆመም። የሚንቀጠቀጡት እሳቸው ነበሩ። ከላይ እስከ ታች፣ ሳያቋርጡ፣ በዚያ ሁሉ እንጨት ውስጥ እስከ እጄ ድረስ።

ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰው አንድ ነገር አለ። ጫማዎቹ ሄዱ። የመኪናዎቹ በሮች ተዘጉ። ጎማ አስፋልቱ ላይ ሲሄድ፣ ሲርቅ፣ ሲጠፋ ሰማሁ።

"ጋሼ?"

"ሄደዋል" አሉ። ድምፃቸው ከመሬት አካባቢ መጣ።

"ልውጣ?"

"ውጪ። ግን እኔ በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። እግሬ እምቢ አለኝ።"

"ታዲያ እንዴት ላድርግ?"

"ግፊኝ።"

በሁለት እጄ መዝጊያውን ገፋሁ። እሳቸው እንደተቀመጡ ከበሩ ጋር ቀስ እያሉ በአስፋልቱ ላይ ተንሸራተቱ። በክፍተቱ ወጣሁ። የቀለሙ ቆርቆሮ ተደፍቷል። ጀርባቸው ሙሉ አረንጓዴ ቀለም ሆኗል። ሱሪያቸው ከፊት እስከ ጉልበታቸው ድረስ እርጥብ ነው፤ ከሥራቸውም ወደ መንገዱ መሃል ውሃ ይወርዳል። አየሁ። ማየቴንም አዩ።

"ለጸዳለ እንዳትነግሪ" አሉ።

እትዬ ጸዳለ ከሱቅ እየተመለሱ ነበር፤ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። የአትክልቱን ማጠጫ ጎማ ከግድግዳው አነሳሁ፤ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። መጀመሪያ የራሴን ቀሚስ ከወገቤ በታች አራስኩ። ቀጥሎ ጋሼ መንገሻን ከደረታቸው እስከ እግራቸው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ጮኹ።

እትዬ ጸዳለ ደረሱ። አረንጓዴውን ጀርባ አዩ፣ የሚወርደውን ውሃ አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?"

"ጎማው አምልጦኝ ነው!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰውዬ ሳይሰማ አይቀርም።

እትዬ ጸዳለ ባለቤታቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "ሁለት ሰው ሆናችሁ አንድ ጎማ አቃታችሁ" አሉና ፎጣ ሊያመጡ ገቡ።

ጋሼ መንገሻ ክንዴን ይዘው ተነሱ። ጎማውን ተቀበሉኝና አስፋልቱን ማጠብ ጀመሩ። እኔ የተቀረቀረውን መዝጊያ ከፈትኩ፤ ሁለቱንም እስከ ግድግዳው ድረስ ወሰድኳቸው። ኮምፔንሳቶው፣ መብራቱ፣ አልጋዬ ሁሉ ከመንገዱ ይታይ ነበር። አስፋልቱ እስኪደርቅ ድረስ አልዘጋሁትም።